ከድንኳኑ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሰው ጣቢያ እንዲቀይር የሚያደርግ ስለሆነ አስቀድሜ ልለምናችሁ፤ እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። የምናወራው ስለ ሞት ነው። ስለ ልቅሶውና ስለ ቀብሩ አይደለም፤ እሱን ሁላችንም እናውቅበታለን። የምናወራው ቀኑ እየቀረበ መሆኑን የተረዳ ሰው በልቡ ስለሚያመላልሰው ነገርና እኛ አጠገቡ ተቀምጠን ስለማንጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሀዋሳ ላይ ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ወይም ድምፅ ማጉያው ሰፈሩን ይዞረዋል። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ቆሟል፤ አግዳሚው ተደርድሯል፤ ድስቱ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ተቆጥሮ ወጥቷል። ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ የቀረውን ይመዘግባል። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ሟች ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ይሁን መስጊድ ሰጋጅ፣ ወይም የወንጌል አማኝ፣ ለቀስተኛው ግን የሰፈር ሰው ሁሉ ነው። በዚህ ነገር ማንም አይበልጠንም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ከድንኳኑ በፊት ያሉት ወራትስ?

አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ። እኔ ለዛሬው ትምህርት የፈጠርኳቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን ጎረቤት እንዳሉ ያህል ታውቋቸዋላችሁ። አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሆዳቸውን ማመም ከጀመራቸው ቆየ። ተመረመሩ። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ልጅ ወደ ኮሪደር ጠራ። ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። ልጁ መጀመሪያ ያለው፣ "እባክህ ዶክተር፣ ለእሳቸው እንዳትነግራቸው" ነው። አባት ቤት ሲገቡ በሽታቸው ጨጓራ ሆነ።

ከዚያ ጠያቂው ይጎርፋል። አጥሚት የያዘ ይመጣል፣ ብርቱካን የያዘ ይመጣል፤ ከአሞራ ገደል የመጣ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በሳህን ተከድኖ ይቀርባል። "አይዞዎት ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት ተነስተው ፍቅር ሐይቅ ዳር አብረን እንንሸራሸራለን።" አባትም "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። ግን ሒሳብ አስተምረው የኖሩ ሰው ናቸውና ይደምራሉ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ በዓል ሳይሆን መጥቷል። ዓረብ አገር ያለችው በየማታው ትደውላለች፤ ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር። ባለቤታቸው ወደ ጓዳ ገብተው ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበዋል። አባት ካወቁ ሰንብተዋል። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብለው ያላወቁ መስለው ተኝተዋል። ልጆቹም አባታችን እንዳይደነግጥ ብለው የሚያውቁትን ደብቀዋል። አንድ ሳሎን ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ምስጢር አለ፤ ሁሉም ከሁሉም ይደብቀዋል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ያዩት ይህንኑ ነው፤ ታማሚው ያውቃል፣ ነርሷ ታውቃለች፣ ሁለቱም ስለ አየሩ ጠባይ ያወራሉ። ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችም ይደብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ አንድ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ለካንሰር ታማሚ አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ግን 97 ከመቶው እንናገራለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ አንድ አገር ልማዱን ገለበጠ። የባህል ጉዳይ ነው ብለን የምንተወው ነገር ሁሉ እንደማይለወጥ አድርገን ማየት የለብንም።

እኛ ዘንድ መደበቁ ቤተ መንግሥት ድረስ የደረሰ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ ያንን የሚያህል ንጉሥ ወዲያው በአደባባይ ሳይለቀስለት ቀረ። ምክንያቱ የሥልጣን ጉዳይ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ የእኛ ሳሎን ውስጥ ያለው ግን ፍቅር ነው። ፍቅር መሆኑን አልክድም።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አድማጮቻችን፣ ታማሚው ብቻውን ሲሆን ምንድን ነው የሚያስበው? በጠና የታመሙ ሰዎችን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሞቱን ራሱን ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ነው። ስቃዩን ይፈራል። በሰው እጅ መታጠብን፣ መታቀፍን፣ ሽንት ቤት መወሰድን ይፈራል። ለሕክምናው የተሸጠውን ነገር እያሰላ ልጆቼን ደሃ አድርጌ ልሄድ ነው ይላል። የተጣላው ወንድም አለ፤ ያልተመለሰ ብድር አለ፤ ያልተዳረች ልጅ አለች። ወጣት እናት ከሆነች ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነው፤ ልጄን ማን ያሳድግልኛል?

እምነትስ? በዚህች ከተማ እምነት የሌለው ቤት እምብዛም አይገኝምና ይህንን ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ኦርቶዶክሳዊው የንስሐ አባቱን ይጠራል፤ ይናዘዛል፣ ይቆርባል፣ ቀንዲል ይቀባል፤ ከሞተም በኋላ ፍትሐቱ፣ ሠልስቱ፣ አርባውና ሰማንያው እንደማይቀርበት ያውቃል። ሙስሊሙ አጠገቡ ሆነው ሸሃዳውን የሚያስታውሱት ሰዎች እንዲኖሩ ይመኛል፤ ነፍሱ ስትወጣ ብዙ ሳይቆይ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት እንደሚቀበር ያውቃል። የወንጌል አማኙ በመዝሙር ተከብቦ ወደ ጌታ መሄድን ያስባል። በቀደመው የሲዳማ እምነት ደግሞ አባት ቢሞትም ከቤቱ ጨርሶ አይለይም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲዳማን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ጆን ሐመር እንደጻፈው፣ የሞተ አባት በልጁ ሕልም እየመጣ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ልጅም ሊያከብረው ይገባል። ሽማግሌ መሆንና ከዚያም ማለፍ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ማዕረግ ነው።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ ስንቅ ናቸው። ነገር ግን አንድ የማልሸሽገው ነገር አለ። እምነት የሚያጽናናውን ያህል፣ በእኛ አያያዝ ምክንያት ታማሚውን ሲያስጨንቀውም አይቻለሁ። "ይህ ሕመም የሠራሁት ኃጢአት ዋጋ ይሆን?" ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስብ ሰው አለ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ "ካመንክ ትድናለህ" እየተባለ ያልዳነው ነው፤ በሽታው ሳያንሰው እምነቴ ጎድሎ ነው የሚል ጸጸት ይጨመርበታል። ለሚጸልዩ ሁሉ ጸሎታቸው ይሥመር፤ ግን ታማሚን ባልዳነበት ጉዳይ ተጠያቂ የሚያደርግ ማጽናኛ ማጽናኛ አይደለም። መድኃኒት አቋርጥ የሚለውም እንዲሁ። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በጨረሰበት ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም ኪኒኑም አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ያ ቃል ዛሬም ለካንሰሩ፣ ለኩላሊቱ፣ ለልቡ ይሠራል።

ስለ ስሜት ካነሳን፣ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ አምስት ደረጃዎች ዘርዝራለች፤ አለመቀበል፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ጥልቅ ሐዘን፣ መቀበል። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ ታዋቂነቱ ግን ነገሩን አጣሞታል። ሰው እነዚህን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጠ አይወጣም። ጠዋት ልብሱን ማን እንደሚወስድ ሲናዘዝ የነበረ ሰው ማታ ለመጪው መስከረም ቤቱን ስለማሳደስ ሊያወራ ይችላል። አብዷል አትበሉ፤ ሁለቱም እውነቱ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

እንግዲህ እንዴት እንናገር? እኔ የማምነው መልሱ እጃችን ላይ እንዳለ ነው፤ መርዶ አነጋገራችን ውስጥ። አስቡት እስቲ። ሰው ሲሞት ለዘመዱ በስልክ "ሞተ" አንልም። ሽማግሌ ይመረጣል። ሰውየው ሥራ ላይ ከሆነ ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል። እህል ሳይቀምስ አይነገረውም። ሌሊቱን ተኝቶ እንዲነሳ ይደረግና ንጋት ላይ የሚወዳቸው ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሴቶቹ ውኃ ይዘው ይቆማሉ፤ ከተነገረውም በኋላ ብቻውን አይተውም። ይህ ክፉ ወሬን በጥንቃቄ የማድረስ ጥበብ ነው። የዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሐኪሞች የሚያስተምሩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቦታ ምረጥ፣ ሰው አብሮ ይኑር፣ መጀመሪያ የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ቀስ ብለህ ተናገር፣ ተናግረህ አትውጣ። ለቋሚ ዘመድ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ለታማሚው ሲሆን ኮሪደር ላይ እናንሾካሹካለን።

ሁሉም ማወቅ አለበት አላልኩም። "ለልጄ ንገሯት፣ እኔ አልፈልግም" የሚል ታማሚ መብቱ ነው። ግን ያንን የሚወስነው እሱ ይሁን፤ መጠየቅ አለበት።

ወደ መምህሩ ቤት እንመለስ። ጠያቂው ሄዷል። ቤት ያለችው ልጃቸው ትራሱን አስተካክላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ ዛሬ ሐኪሙ ካለው ውስጥ ያሳሰበዎት ነገር አለ?"

"ምን ያሳስበኛል ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።"

ብዙዎቻችን እዚህ ጋ "አዎ፣ እሱ ያውቃል" ብለን ሻይ ልናፈላ እንነሳለን። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ይቺ ልጅ ግን አልተነሳችም።

"እሱስ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከእርስዎ ልስማ ብዬ ነው።"

አባት ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች፤ ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። በመጨረሻ፣

"የቤቱ ካርታ በእኔ ስም ነው" አሉ። "እናትሽን ከቢሮ ቢሮ እንዳያንከራትቷት።"

አያችሁ? ስለ ገነትና ስለ ሲኦል አልነበረም ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣቸው። የቤት ካርታ ነው። ይህ ደግሞ መፍትሔ ያለው ጭንቀት ነው፤ ለመፈታት ግን መነገር ነበረበት።

ሀዋሳ ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛን ለገበያና ለቢሮ የለመደ ሰው ጭንቀቱን ለመናገር የእናቱን ቋንቋ ሊፈልግ ይችላል። አያታችሁ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚቀላቸው ከሆነና እናንተ ካልቻላችሁበት፣ የሚችል ዘመድ ወይም የድሮ ባልንጀራ ጥሩላቸው፤ ሁለቱን ብቻቸውን ተዋቸው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ስቃዩ። ሰው በሕመም እየተንፈራገጠ ስለ ነፍሱም ስለ ቤቱም ማሰብ አይችልም፤ ስለዚህ ስቃይን ማስታገስ የቅንጦት ሕክምና አይደለም። ይህን ለዓለም ያስተማረችው ሲስሊ ሳንደርስ ናት። መጀመሪያ ነርስ፣ በኋላ ሐኪም የሆነችው ይህች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። የታማሚ ስቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የሐሳብም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም ነው ስትል አራቱንም አብሮ ማከም እንደሚያስፈልግ ተከራከረች። ኡጋንዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ሆስፒስ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እያዘጋጀ ወደ ታማሚዎች ቤት መሄድ ጀመረ፤ በኋላም አገሪቱ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሞ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይንከባከባል። ይህ ዓይነቱ ክብካቤ የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። እዚህ ሀዋሳ ሆስፒታል ስትሄዱ በስሙ ጠይቁ፤ "ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም፣ ቤት ውሰዱት" ሲባል፣ "ለስቃዩስ?" በሉ። በሽታውን ማዳን ካልተቻለ በኋላም ገና ብዙ የሚደረግ ነገር አለ።

ስለ ሞርፊን ሁለት ፍርሃቶች አሉ። አንዱ ሱስ ያስይዛል ነው፤ ሌላው ሞርፊን ከተሰጠው አበቃለት ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ፣ ለከባድ ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን እምብዛም ሱስ አያስይዝም፤ ሞትንም የሚያፋጥን አይደለም፤ በሕመም የተያዘን ሰው እንቅልፍ የሚያስተኛ፣ ከልጆቹ ጋር የሚያጫውት ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ትልቁ ጠብ በምግብ ላይ ነው። "ሦስት ማንኪያ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ።" የሚሄድ አካል ምግብ መፈለግ ያቆማል፤ ስላልበላ አይደለም የሚሞተው፣ እየሞተ ስለሆነ ነው የማይበላው። በግድ የሚሰጥ አጥሚት ትን ብሎ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ በውኃ አርጥባችሁ ከንፈርና ምላሱን አርሱ፤ ከንፈሩ እንዳይሰነጣጠቅ ቅባት ቀቡ፤ በየጊዜው ጎኑን አዙሩ። ዓይኑን ቢከድንም ስሙን ጠርታችሁ አናግሩት፤ ምላሽ መስጠት ካቆሙ ሰዎች ቢያንስ ጥቂቶቹ እስከ መጨረሻው ሰዓታት ድምፅ እንደሚሰሙ የሚጠቁም ጥናት አለ። ስለ ቀብር ወጪ የሚነሳው ክርክር ግን ውጭ በረንዳ ላይ ይሁን፤ አልጋው አጠገብ አይደለም።

ከመሰናበታችን በፊት ስለ ኑዛዜ ጥቂት ልበል፤ የመምህሩ የቤት ካርታ ጉዳይ ገና አልተቋጨምና። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሀዋሳም እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው ዘመን ስለሆነ እኩዮች ናቸው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ነው፤ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ እዚያው ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፣ ቀን ይኑረው፣ በየገጹ ይፈረምበት። ይህ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ሰባት ዓመት ሲያልፈው ይወድቃል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይተማመናል፣ ብዙ ቤተሰብም በዚህ ተጣልቷል። ሞት የቀረበበት ሰው ለሁለት ምስክሮች ሊናገር የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትናንሽ ልጆቹ አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤትና መሬት በቃል አይተላለፍም። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የተናገረው ሁሉ ይሻራል። ሸሪዓውን የሚከተል ሰው፣ ኑዛዜ ከሀብቱ ሲሶ እንዳያልፍ፣ ለወራሽም እንዳይደረግ የሚለውን ያስታውስ፤ ዝርዝሩን ዓሊሞቹን ይጠይቅ።

እንግዲህ መምህሩ ከሦስቱ የቱን መረጡ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያውን። ልጅቱ በማግስቱ የእድሩን ጸሐፊ፣ ሁለት ጎረቤትና አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸውን ጠራች፤ አራት ሆኑ። አባት መነጽራቸውን ጠየቁ፤ ወረቀቱ ሲነበብ የሰዋስው ስሕተት አግኝተው አስተካከሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ወላጅ የሞተባቸው ትናንሽ ልጆች ምን ይነገራቸው የሚለውን ይዘን እንቀርባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)